የልብን ትርታ የተረጐመው ሐኪም፤ ሰር ጄምስ ማኬንዚ

ሐኪም ወደ በሽተኛው በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ የሚይዘው የእጁን አንጓ ነው። ጣቶቹን በደም ሥሩ ላይ አሳርፎ ትርታውን ይቈጥራል፤ ፈጣን ወይም ዝግተኛ፥ ብርቱ ወይም ደካማ መሆኑንም ያስተውላል። ነገር ግን ትርታው እኩል መሄዱን ትቶ አንድ ጊዜ ሲቸኩል፥ አንድ ጊዜ ሲዘገይ፥ አንዳንድ ጊዜም ጭራሹን ሲዘል ያገኘው እንደ ሆነ ምን ሊል ይገባዋል? በሽተኛውን አይዞህ ብሎ ወደ ሥራው ይስደደው? ወይስ አልጋ ላይ ያውለው? ወይስ ቤተ ሰቡን ለብቻ ጠርቶ ክፉውን ይንገራቸው? በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለዚህ ጥያቄ ሐኪሞች የሚሰጡት መልስ እንደየሰዉ የተለያየ ነበር። ብዙዎቹም ትርታው የተዛባ ልብ ሁሉ የታመመ ልብ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበረ፥ ምንም ሕመም የሌለበትን ሰው ዕድሜ ልኩን በፍርሃት ያኖሩት ነበር።

በዛሬው የእሑድ ዓምዳችን ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ይህን ጥያቄ አንሥቶ በትዕግሥት ብዙ ዓመት የተከተለው ጄምስ ማኬንዚ ነው። ይህ ሰው ዋናውን ሥራውን በሠራበት ዘመን የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም። ሥራውን የሠራው በእንግሊዝ አገር በአንዲት የፋብሪካ ከተማ ውስጥ፥ ቀን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በሽተኛ ሲያክም ውሎ ሌሊት ደግሞ ምጥ ለያዛት ሴት እየተጠራ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

ማኬንዚ የተወለደው በስኮትላንድ አገር ፐርዝ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ስኮን በሚባለው ቀበሌ፥ ከገበሬ ቤተ ሰብ ነው፤ ዘመኑም አፕሪል 12 ቀን 1853 ዓ.ም. ነበረ። በትምህርት ቤት ሳለ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ልጅ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ትምህርት በቃል መያዝን የሚያስቀድም ስለ ነበረ፥ ምክንያቱን ያልተረዳውን ነገር በቃሉ ለመያዝ የማይሆንለት ይህ ልጅ ራሱንም እንደ ደነዝ ይቈጥር ነበር ይባላል። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በፐርዝ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። (ወንድሙ ዊልያም በሕግ ትምህርት ገፍቶ ሎርድ አምዩሪ የሚል ማዕረግ አግኝቶ የእንግሊዝ መንግሥት የአየር ኀይል ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል። አንድ የገበሬ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ ልጆች ማውጣቱ ያስደንቃል።)

በመድኃኒት ቤቱ አራት ዓመት ያህል ሠርቶ ሙያውን ከለመደ በኋላ የሥራው ሸሪክ እንዲሆን ተጠይቆ ነበር። እንጀራው ተቈርጦለት ሳለ እርሱ ግን እንቢ አለ። ሐኪም ለመሆን ቈርጦ በ1874 ዓ.ም. ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በ1878 ዓ.ም. ተመረቀ። በኤዲንብራ ሆስፒታል ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ወደ በርንሊ ሄደ።

በርንሊ በሰሜን እንግሊዝ በላንክሻየር አውራጃ የምትገኝ፥ በዚያ ዘመን በጥጥ ሽመናና በድንጋይ ከሰል የምትኖር ከተማ ናት። ወንዶቹ ከጕድጓድ ከሰል ያወጣሉ፤ ሴቶቹና ልጆቹ ሸማኔ ቤት ይውላሉ። ወጣቱ ሐኪም በዚያ ከነበሩ ሐኪሞች ጋራ ተባብሮ ሥራ ጀመረ፤ በ1887 ዓ.ም. አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ፤ በጠቅላላውም በዚያች ከተማ 28 ዓመት ተቀመጠ።

በርንሊ ከገባ ብዙም ሳይቈይ የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ነገር ደረሰበት። አንዲት ወጣት ሴት ምጥ ይዟት ተጠራ። ይህች ሴት ልቧ የታመመ ነበረ፤ በምጡ መካከል ልቧ ደከመና በሐኪሙ ዐይን ፊት ሞተች። ሐኪም በሽተኛ ይሞትበታል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማኬንዚን ዕረፍት የነሣው ግን አደጋውን አስቀድሞ አለማወቁ ነበር። አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ሊያድናት ይችል ነበርን? የልብ ሕመም ያለባት ሌላይቱ ሴት ደግሞ ሦስት አራት ልጅ በደኅና ስትወልድ ይህችኛይቱ ለምን ሞተች? መጻሕፍቱን ገለጠ፤ መልስ አላገኘባቸውም። መጻሕፍቱ የልብን ድምፅ እንዴት እንደሚያዳምጡ ያስተምራሉ እንጂ፥ ያ ድምፅ የተሰማበት ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት አይናገሩም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው። የታላላቅ ሆስፒታል መምህራን በሽተኛውን የሚያዩት ሲወድቅ ነው፤ ተኝቶ ይመጣል፤ ይድናል ወይም ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አይሰማም። የበርንሊው ሐኪም ግን ልጅቱን በጕሮሮዋ ሕመም ጊዜ ያውቃታል፤ ስታገባ፥ ስትወልድ፥ ስታረጅም ያያታል። ማኬንዚ ይህን ድኻ የሚመስል ዕድሉን ሀብት አደረገው። ልቡ ወይም ትርታው አንዳች ነገር ያሳየውን ሰው ሁሉ በመዝገብ መጻፍ ጀመረ፤ በየዓመቱም እየተመለሰ መረመረው። ሰዎቹ ሲሞቱም ቤተ ሰቡን አስፈቅዶ አስከሬኑን ይመረምር ነበር። ከአንድ ሙሉ ቀን ሥራ በኋላ ማታ ተቀምጦ ይህን መጻፍ ምን ያህል ብርታት እንደሚጠይቅ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጣት ብቻውን በቂ አልሆነለትም። በዚያ ዘመን የእጅን ትርታ በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የሚሥል ትንሽ መሣሪያ ነበረ፤ ማኬንዚም በዚህ ጀመረ። ቈይቶ ግን የእጅ ትርታ የልብን ነገር በግማሽ ብቻ እንደሚነግረው ተረዳ። ምክንያቱን በቀላሉ ለማስረዳት እንሞክር።

የሰው ልብ አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። ደሙ አስቀድሞ በላይኞቹ ክፍሎች ይጠራቀማል፤ እነርሱ ተጨማደው ወደ ታችኞቹ ያወርዱታል፤ የታችኞቹም በተራቸው በኀይል ተጨማደው ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት ሁሉ ይረጩታል። በእጅ አንጓ ላይ የምንዳስሰው ትርታ የታችኛው የግራ ክፍል ሥራ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ይሥሩ አይሥሩ በእጅ አንጓ አይታወቅም። ማኬንዚ ግን በአንገት ላይ ያለውን ደም መልስ ተመለከተ። ይህ ደም ሥር ወደ ልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል የሚወርድ ስለ ሆነ፥ ያ ክፍል በተጨማደደ ቍጥር በአንገት ላይ ቀጭን ማዕበል ይታያል። ማኬንዚ የአንገቱንና የእጁን ትርታ በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን የሚሥል መሣሪያ አሠራ፤ ስሙንም ፖሊግራፍ አለው። በመጨረሻም በአጠገቡ ባለችው በፓዲሃም ከተማ የሚኖር ሼው የሚባል ሰዓት ሠሪ ረድቶት፥ በጥላሸት ፈንታ በቀለም የሚጽፍና ረዥም ወረቀት የሚስብ መሣሪያ ተሠራለት። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሐኪሞች እጅ ሳይገባ፥ አንድ ሐኪም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የላይኛውንና የታችኛውን የልብ ክፍል ሥራ ለየብቻው ለማንበብ ቻለ።

በዚህም መንገድ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ የተዛባውን ትርታ በየዐይነቱ ለየው። የመጀመሪያው በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው ነው፤ ትንፋሽ ሲያስገቡ ትርታው ይፈጥናል፥ ሲያወጡ ይዘገያል። ይህ የጤና ምልክት እንጂ የሕመም አይደለም። ሁለተኛው ልብ ጊዜውን ሳይጠብቅ አንድ ጊዜ ቀድሞ የመታ እንደ ሆነ የሚመጣው ነው፤ ከዚህ በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት ስለሚከተል ሰውዬው ልቤ ቀጥ አለች ብሎ ይደነግጣል። ማኬንዚ እንዲህ ያለ ትርታ ያላቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲከታተል ሌላ የልብ ጕዳት የሌለባቸው በጤና ሲሠሩና ሲኖሩ አየ። እነዚህ ሰዎች በሌላ ሐኪም እጅ ወድቀው ቢሆን ኖሮ አልጋ ላይ ይውሉ፥ ከሥራ ይከለከሉ፥ አታግቡ ይባሉ ነበር። በእኛ አስተያየት ማኬንዚ ለሰው ልጅ ካደረገው በጎ ነገር ትልቁ መድኃኒት መስጠቱ ሳይሆን፥ ይህን ፍርሃት ከብዙ ሰው ላይ ማንሣቱ ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ማኬንዚ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከታተላት አንዲት ሴት ነበረች። የዚህች ሴት ሕመም በግራ በኩል የላይኛውን ክፍል ከታችኛው የሚለየው የልብ በር መጥበቡ ነበረ። ብዙ ዓመት ትርታዋ እኩል ሆኖ፥ የአንገቷም ደም ሥር የላይኛውን ክፍል ማዕበል ሲያሳይ ከቈየ በኋላ፥ በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ በድንገት ሁሉም ተለወጠ። ትርታዋ ምንም ሥርዐት የሌለው ሆነ፤ ከአንገቷም ላይ ያ ማዕበል ጠፋ። የላይኛው ክፍል መጨማደዱን ትቶ ነበር ማለት ነው። ማኬንዚ የድሮውንና የአዲሱን ሥዕል ጐን ለጐን አድርጎ ተመለከተ፤ ይህን ለውጥ በዚህ ዐይነት ለማየት የቻለው ያችን ሴት ብዙ ዓመት ሳይለቃት በመቅረቱ ነው።

ነገሩን በትክክል አየ፤ ምክንያቱን ግን ተሳሳተ፤ ይህንንም መሸፈን አይገባንም። አስቀድሞ የላይኛው ክፍል ሽባ ሆኗል ብሎ ጻፈ። በኋላ እንዲህ ያሉት በሽተኞች ሞተው አስከሬናቸው ሲመረመር የዚያ ክፍል ግድግዳ ወፍሮ ስላገኘው፥ የማይሠራ ሥጋ ሊወፍር አይችልም ብሎ የመጀመሪያ አሳቡን ጣለና ላይኛውና ታችኛው ክፍል በአንድ ጊዜ ይመታሉ የሚል ሌላ አሳብ አመጣ። ይህም ትክክል አልነበረም። ትክክለኛውን መልስ በ1909 ዓ.ም. የሰጡት በሎንዶን ቶማስ ሉዊስ፥ በቪየናም ሮትበርገርና ቪንተርበርግ የተባሉት ሐኪሞች ናቸው። ሉዊስ የሆላንዱ ሊቅ አይንትሆቨን በሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ የልብን ሥራ መዝግቦ፥ የላይኛው ክፍል ሽባ አለመሆኑን፥ ነገር ግን መጨማደዱን ትቶ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ያለ ሥርዐት እንደሚንቀጠቀጥ አስረዳ። ትርታው የተዛባ ፈረስ አግኝቶም ደረቱን ከፍቶ ያንን መንቀጥቀጥ በዐይኑ አየው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ሉዊስን ወደዚህ ጥናት የመራው ማኬንዚ ራሱ ነበረ፤ ሁለቱም በዚያው በ1909 ዓ.ም. የልብን ጥናት የሚያትም መጽሔት አቋቁመዋል። ወጣቱ አሳቡን ባፈረሰበት ጊዜ ሽማግሌው እውነቱን ተቀበለ።

ከዚህ አስቀድሞ በ1902 ዓ.ም. ማኬንዚ ስለ ትርታ ጥናቱ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ ወደ ጀርመንኛ ተተረጐመ፤ የሆላንዱ ሐኪም ቬንከባህም ሥራውን አድንቆ ወዳጁ ሆነ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደ ተባለው፥ የውጭ አገር ሐኪሞች እርሱን ለማየት ወደ በርንሊ ሲመጡ በሎንዶን ገና ስሙን በደንብ የሚያውቀው አልነበረም። በሎንዶን የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠናው አርተር ኪዝም ማኬንዚ የሚልክለትን የሙታን ልብ ሲመረምር በነገሩ ተሳበ፤ በኋላም ኪዝና ተማሪው ፍላክ የልብ ትርታ የሚነሣበትን ትንሽ ቦታ በ1907 ዓ.ም. ለዓለም ገለጡ። ያንን ቦታ ፍላክ መጀመሪያ ያየው በፍልፈል ልብ ላይ መሆኑን ስንጨምር አንባቢዎቻችን ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

በዚያው በ1907 ዓ.ም. ማኬንዚ በ54 ዓመቱ በርንሊን ለቆ ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያ ዕድሜ ሰው የለመደውን ቤትና የሚያውቀውን ገበያ ትቶ እንደ ጀማሪ መቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ በሽተኛ አልበዛለትም፤ ነገር ግን በ1908 ዓ.ም. ስለ ልብ ሕመም የጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ስሙ እየገነነ ሄደ። በ1913 ዓ.ም. የሎንዶን ሆስፒታል አዲስ የልብ ሕክምና ክፍል ተሰጠው፤ በ1915 ዓ.ም. የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ ሰር የሚለውንም ማዕረግ አገኘ።

የመድኃኒቱ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ዲጂታሊስ የሚባለው፥ ከአንድ አበባ ቅጠል የሚወጣው መድኃኒት፥ ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ዓ.ም. መጽሐፍ ከጻፈለት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ሐኪሞች ግን ለማን እንደሚጠቅም ለይተው ስላላወቁ ለአንዱ ያድነዋል፥ ሌላውን አይረዳውም፥ ሲበዛም ይመርዘዋል። ማኬንዚ መድኃኒቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የላይኛው የልብ ክፍል ለሚንቀጠቀጥበት ሰው መሆኑን አሳየ። ከላይ የሚወርደውን የተዛባ ትእዛዝ በከፊል ስለሚያግደው የታችኛው ክፍል ከግልቢያው ይበርዳል፤ ትንፋሽ አጥሮት፥ እግሩ አብጦ የተኛው በሽተኛም በጥቂት ቀን ውስጥ ይነሣል። ዛሬ ለዚህ ሥራ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ዲጂታሊስም ፈጽሞ አልተተወም።

አሁን ማኬንዚ ሙሉ በሙሉ ሊያየው ወዳልቻለው ነገር እንመለስ። የላይኛው የልብ ክፍል ሲንቀጠቀጥ ደሙ እንደ ወትሮው ተገፍቶ አይወርድም፤ እንደ ኩሬ ውሃ ይቆማል። የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል። ይልቁንም በግራው የላይኛ ክፍል ጐን ላይ እንደ ኪስ ያለች ትንሽ ቦታ ስላለች የረጋው ደም በዚያች ይጠራቀማል። ከዚህ የረጋ ደም አንዲት ቍራጭ ተገንጥላ ወደ አንጎል የሄደች እንደ ሆነ የአንጎልን ደም ሥር ትደፍናለች። በዚያን ጊዜ ሰውዬው ማታ በጤና ተኝቶ ጧት እጁና እግሩ በአንድ ወገን ሽባ ሆኖ፥ አንደበቱም ተሳስሮ ይነሣል፤ ስትሮክ የሚባለው ይህ ነው። የረጋ ደም ተገንጥሎ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንደሚሄድ የጀርመኑ ሊቅ ቪርኾ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ አስተምሮ ነበር፤ የልብ በር የጠበበባቸው በሽተኞች በዚህ እንደሚጠቁም የማኬንዚ ዘመን ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ነገር ግን የልብ በር ሳይጠብ፥ መንቀጥቀጡ ብቻውን ይህን ያህል አደጋ ያመጣል ብሎ በቍጥር ያሳየ ገና አልነበረም። ማኬንዚና የዘመኑ ሰዎች ዋና ፍርሃታቸው የልብ መድከም ነበረ።

ቍጥሩ የተገኘው ማኬንዚ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የተገኘውም እርሱ በበርንሊ ብቻውን የጀመረውን በመሰለ ሥራ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ተመዝግበው በየሁለት ዓመቱ ይመረመሩ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. የወጣው የዚህ ጥናት ውጤት፥ የልብ በር ሕመም ሳይኖርበት የላይኛው የልብ ክፍል የሚንቀጠቀጥበት ሰው ከሌላው ሰው ከ5 እጥፍ በላይ፥ የልብ በር ሕመም የተጨመረበት ደግሞ ከ17 እጥፍ በላይ በስትሮክ እንደሚጠቃ አሳየ። ከዚያም ዋርፋሪን የተባለው፥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገ ጥናት ሲፈተን፥ ከሦስቱ ስትሮክ ሁለቱን ያህል እንደሚያስቀር ታወቀ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ደምን ዘወትር ማስመርመር የማያስፈልጋቸው አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በበርንሊ የማኬንዚ በሽተኛ የነበረችው ሴት ዐይነት የልብ በር መጥበብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በልጅነት ከሚይዝና በወጉ ካልታከመ የጕሮሮ ሕመም በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ዛሬ ብርቅ ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ወጣቶችን፥ ይልቁንም ለመውለድ የደረሱ ሴቶችን ይጐዳል። እነዚህን አዳዲስ መድኃኒቶች በሚመለከት በአፍሪካ፥ በእስያና በላቲን አሜሪካ አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት በ2022 ዓ.ም. ታትሞ፥ እንዲህ ላለው በሽተኛ አሮጌው ዋርፋሪን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ደሙን ቶሎ ቶሎ ማስመርመር አለበት፤ ካነሰ ደሙ ይረጋል፥ ከበዛ ይፈስሳል። ይህም ከሩቅ ገጠር በእግሩና በአውቶቡስ ለሚመጣ በሽተኛ ምን ያህል ችግር እንደ ሆነ ሐኪሞቻችን ያውቁታል።

ወደ ሰውዬው ታሪክ እንመለስ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ልባቸው ታሟል ተብለው ከጦር ሜዳ ተመለሱ። ማኬንዚ ከሉዊስና ከሌሎች ሐኪሞች ጋራ ሆኖ በሎንዶን ሃምፕስቴድ በተከፈተው ሆስፒታል ሲመረምራቸው፥ አብዛኞቹ በድካምና በሌላ ሕመም የተጐዱ እንጂ የልብ በሽተኞች አለመሆናቸውን አገኘ። በበርንሊ ከሸማኔዎቹና ከከሰል አውጪዎቹ የተማረው ትምህርት በወታደሮቹም ላይ ሠራ።

ገንዘቡና ክብሩ በእጁ በነበረበት ሰዓት ግን ሌላ ነገር አሰበ። በ1918 ዓ.ም. ሎንዶንን ለቆ በስኮትላንድ ወደ ሴንት አንድሩስ ሄደ፤ በሚከተለውም ዓመት የሕክምና ምርምር ተቋም መሠረተ። አሳቡ የከተማይቱ ጠቅላላ ሐኪሞች ተባብረው የሚያክሙትን ሕዝብ ከልጅነት ጀምረው በመዝገብ እንዲከተሉ፥ በሽታንም በመጀመሪያዋ ምልክት እንዲይዙ ነበር። የልብ ሐኪሞች ሁሉ አለቃ እየተባለ ሳለ ሐኪም በአንድ የሰውነት ክፍል ብቻ መወሰኑን አይወድም ነበር። በእጁ መሣሪያ የፈለሰፈው ይህ ሰው ወጣት ሐኪሞች በሽተኛውን ትተው መሣሪያውን ሲያዩ ይቈጣ ነበር። በዚህ በኩል ከልክ አልፏል የሚሉት አሉ፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያው ከጊዜ በኋላ ያስገኘውን ጥቅም ስናይ እኛም ሙሉ በሙሉ አንፈርድለትም። በሴንት አንድሩስ ሳለ በ1921 ዓ.ም. ስለ ልብ ሕመምና ስለ እርግዝና አንድ መጽሐፍ አወጣ። በበርንሊ በምጥ የሞተችበት ወጣት ከሞተች አርባ ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ማኬንዚ ራሱ የልብ በሽተኛ ነበረ። በሎንዶን ሳለ የጀመረው የደረት ውጋት እየበረታ ሄደ። እርሱም እንደ ልማዱ ሕመሙን በመዝገብ ያዘው፤ መቼ እንደ መጣ፥ ምን ያህል እንደ ቈየ፥ ምን እንዳስነሣው ጻፈ። በ1923 ዓ.ም. ስለዚህ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከሌሎቹ በሽተኞች ታሪክ መካከል ስሙን ሳይጠራ የራሱን ታሪክ አግብቶበታል። በ1924 ዓ.ም. ሕመሙ ስለ ጸናበት ወደ ሎንዶን ተመለሰ፤ ጃኑዋሪ 26 ቀን 1925 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ከመሞቱ አስቀድሞ ልቡ ወጥቶ እንዲመረመር አዝዞ ነበር። ልቡም ወደ ሴንት አንድሩስ ተልኮ ፕሮፌሰር ዋተርስተን መረመረው፤ የልቡን ሥጋ የሚመግቡት ደም ሥሮች ጠበው ደርቀው፥ በልቡም ግድግዳ ላይ የቀድሞ ጕዳት ጠባሳ ተገኘ። ዋተርስተን ይህን በ1939 ዓ.ም. በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ አትሞታል።